የቧንቧ ሠራተኛው ስልክ

አራተኛ ፎቅ ላይ የፈነዳው ቱቦ ሦስተኛውን ፎቅ አጥቦ ወደ ሁለተኛው ሲወርድ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ከሕንፃው ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሥራ ጠፋ እያለ ያማርር ነበር። ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። አልጮኸም፣ አልተንቀጠቀጠም። ሻዩን ጨርሶ ሰዓት ለማየት ሲከፍተው ግን የሕንፃው ኃላፊ ሠራተኛ የሚጠራበት ግሩፕ መልእክት ሁሉ በአንድ ጊዜ ዱብ ዱብ አለ። «አራተኛ ፎቅ ውኃ ፈንድቷል። ማን አለ?» የሚለው ከተላከ ቆይቷል። ከሥሩ ቀጮ የሚሉት ተፎካካሪው «አለሁ» ብሏል። ከዚያም በታች ያው ቀጮ «ተስተካክሏል» ብሎ ጨምሯል።

መንገዱን በሩጫ ተሻገረ። የሕንፃው ኃላፊ ውትድርና በዞረበት ዞሮ አያውቅም፤ ሻለቃ የተባለው በትእዛዙ ብዛት ነው። ደረጃው ሥር ቆሞ ውኃ በመጥረጊያ የሚገፉትን ሴቶች ሲያመናጭቅ አገኘው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ሻለቃ። «የት ነበርክ፣ ብሎን?»

ብሎን የሚሉት አጭርና ጠንካራ ስለሆነ፣ ደግሞም አንዴ ከጠበቀ ስለማይላላ ነው።

«ስልኩ አልነገረኝም፣ ሻለቃ። እዚሁ ማዶ ነበርኩ፣ እምልልዎታለሁ!»

«ሙያህን አላማሁም። አንተ የነካኸው ቱቦ ተመልሶ አያስቸግረኝም። ግን የማይገኝ ሙያ ምን ያደርግልኛል? ባለቤቶቹ አንድ ቋሚ ሠራተኛ ያዝ ብለውኛል። ይኸን ሳምንት አያችኋለሁ፤ ስጠራው አለሁ የሚለኝን እቀጥራለሁ። ቀጮ እጁ ገለባ ነው፣ ግን ይገኛል።»

ቋሚ ሥራ! ይኸ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የኖረው የሰው ቤት ሲያፈስ ነው። ከተማው ደህና ከዋለ እሱ ቤት ምድጃው ቀዝቅዞ ያድራል። አሁን ወር ጠብቆ የሚበላበት በር ሲከፈት፣ በሩን የሚዘጋበት አንድ ርካሽ ስልክ ሆነ፤ ያውም ጀርባው እንዳይወልቅ በነጭ የቧንቧ ቴፕ የጠቀለለው ስልክ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ንዴቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ነበር።

ሚስቱ አልጋው ላይ ልብስ ታጥፋለች።

«ይኸን ስልክ ማነው የሚነካካው?»

«እኔ ነኝ የማጸዳልህ» አለች ቀና ሳትል። «ተንቀራፈፈ ስትል ማጽጃ አፕ ጫንኩልህ። እሱ አልሆን ሲል ሌላ ጨመርኩ። አሁን ሦስት ናቸው። አንደኛው ጸድቷል ሲል ሌላኛው ቆሽሿል ይላል፤ እኔ የቱን ልመን?»

«ታዲያ ለምን ይሞላል?»

«እህትህን ጠይቃት። ደግሞ እኔ ላይ አትጩህብኝ። ሻለቃ ላይ መጮህ አቅቶህ ነው እንጂ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!»

የምስሉን ማህደር ከፈተ። ጽጌረዳ። የምትወጣ ፀሐይ። ርግብ። የሚሽከረከር ልብ። ደግሞ ጽጌረዳ፣ አሁን ጤዛ ያለበት። በሁሉም ላይ «እንደምን አደርክ የናቴ ልጅ» ተጽፎበታል። ጣቱ ወደ ታች ሲገፋ ቢውል አበባው አያልቅም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት የምትልከው፤ ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ቀን ሳታስታጉል። እዚያው ቆሞ ደወለላት።

«እትዬ፣ ስልኬን የአበባ መጋዘን አደረግሽው!»

«ደህና ዋልክ አይቀድምም?»

«ምን ደህንነት አለ? ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው! ስልክ ሆድ አለው እኮ፣ ይጠግባል! ሰው ሥራ ፈት ካልሆነ በቀር ጠዋት ተነሥቶ ጽጌረዳ ሲልክ አይውልም!»

«ሥራ ፈት?» አለች እህቱ። «አንተን በጀርባዬ አዝዬ የሰው ልብስ ሳጥብ የኖርኩ እኔ፣ ሥራ ፈት?»

«ይኸው፣ ልትጀምሪ ነው!» ብሎ ዘጋባት። መዝጋቱም አላረካውም፤ ከነጭራሹ ብሎክ አደረጋት። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጽጌረዳውን፣ ርግቡን፣ ፀሐዩን እንደ አረም ነቀለው። ሚስቱ አየችው፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ወደ ልብሷ ተመለሰች።

በማግሥቱ ስልኩ ቀለለው። ሲነካ ቶሎ ይከፈታል። ሰውዬውም «አላልኩም?» እያለ ሲኮራ ዋለ። ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ቤት የእቃ ማጠቢያ ፈትቶ ገጥሞ፣ እጁን አድርቆ ስልኩን ሲከፍት ግን ያው ዱብ ዱብ። «ሰባተኛ ፎቅ ሽንት ቤት ተዘግቷል። ማን አለ?» ቀጮ «አለሁ» ብሏል።

አሁን የሚጮህበት ሰው አጣ። አበባ የለም፣ እህት የለችም፤ ጥፋተኛው ግን አልጠፋም። ስልኩን ከግድግዳ ጋር ሊያጋጨው ከፍ አድርጎ፣ ሌላ መግዣ እንደሌለው ትዝ ሲለው አወረደው። ጥርሱን ነክሶ ወደ ስልክ ጠጋኟ ሄደ።

ጠጋኟ የምትሠራው ሰው ቢቆምባት ጣሪያ በሚነካባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ማጉያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ስልኩን አገላበጠችው።

«ጋሼ፣ አያያዝዎን ያሳዩኝ እስቲ። ተጠቅመው ሲጨርሱ ምን ያደርጋሉ?»

እዚህ ላይ ኮራ አለ። «እኔ ዝርክርክ ሰው አይደለሁም። ይኸው፣ የተከፈተውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠርጌ አወጣለሁ። ባትሪ ቆጣቢውን እስከ ጥጉ አጠብቀዋለሁ። ዳታውን ብቻ አልነካም፤ እሱን ከዘጉ መልእክት እንደማይገባ አውቃለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም። ሌላውን ግን እዘጋለሁ። ክፍት የተተወ ነገር ያፈሳል፣ ልጄ። ይኸ የሙያዬ ሕግ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። ልትደብቀው ሞከረች፤ አመለጣት።

«ምን ያስቅሻል?»

«ጋሼ፣ ዘበኛውን አስረው፣ አፉን ለጉመው፣ ሌባ ሲገባ ለምን አልጮህክም ይሉታል? መልእክቱን የሚቀበልልዎ አፕ ከኋላ ነቅቶ መቀመጥ አለበት። እርስዎ ያባርሩታል፤ ባትሪ ቆጣቢው ደግሞ እንዳይነቃ ይይዘዋል። እርስዎ የተዉትን እነዚህ ሦስት ማጽጃዎች ይጨርሱታል። ሲከፍቱት ብቻ ነው ነፍስ የሚዘራው። ስልክ ቧንቧ አይደለም፤ አያፈስም። እንዲያውም ዘግተው እንደገና ሲከፍቱት ነው ባትሪ የሚበላው።»

ጆሮው ጋለ። ልጅቷ እያወራች እጇ አልቆመም። ማጽጃዎቹን አጠፋች፣ ባትሪ ቆጣቢውን አላላች፣ መልእክት መላኪያው እንዳይተኛ ፈቀደችለት፣ ወራት የተጠራቀመውን አፕዴት ከሱቋ ኢንተርኔት ጫነች፣ ስልኩንም አጥፍታ አበራችው።

«ሁልጊዜ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተዉለት፤ ጢቅ ብሎ ከሞላ ይንቀራፈፋል። አልፎ አልፎ አጥፍተው ያብሩት። ሌላ ጣጣ የለውም።»

«የእህቴ የአበባ ምስልስ? ስልኬን ሞላሽው ብዬ ብሎክ አድርጌያታለሁ» አለ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ።

«ምስል ያዘገየዋል እንጂ አያደነቁረውም። ደግሞ በራሱ እንዳይወርድ ማድረግ ይቻላል። ይኸውልዎ፣ አንድ ቦታ መንካት ነው። እሳቸውን ማስቀየም አያስፈልግም ነበር።»

«ስለ እሷ ማን ጠየቀሽ?»

«እርስዎ!»

ሒሳቡን ጣል አድርጎ ወጣ። ሱቁ በር ላይ ቆም ብሎ፣ የሰው ኪስ እንደሚገባ ሌባ ዙሪያውን አይቶ፣ እህቱን ከብሎክ አወጣት። አሁን ንዴቱ መሄጃ አጥቶ ወደ ራሱ ተመልሷል፤ ራስ ላይ የተመለሰ ንዴት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሄድ ያየው ሰው ሊደባደብ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

እህቱ በሩን ከፍታ መንገድ ሳትለቅለት ቆመች።

«ሥራ ፈቷ ጋ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ። በቃ፣ አጥፍቻለሁ አልኩ!»

«እየጮህክ ነው እንዴ ይቅርታ የምትለኝ?»

«አልጮህኩም!» ብሎ ጮኸ።

«አበባው ደስ ብሎኝ የምልክ መስሎሃል? አንተ ምድር ቤት ለምድር ቤት ከውኃና ከኤሌክትሪክ ጋር ስትታገል ትውላለህ። ከአበባው ሥር ሁለቷ ምልክት ስትመጣ ደርሶታል፣ አለ እላለሁ፤ ከዚያ ቁርሴን እበላለሁ። ዛሬ ጠዋት አንድ ምልክት ብቻ። ጠበቅኩ፤ አንድ ብቻ። መንገድ ዳር ወጥቼ ቆሜ፣ ሣጥንህን አንጠልጥለህ ስታልፍ አይቼ ነው የተመለስኩት። አልጠራሁህም። ቁርስም አልበላሁ!»

«ታዲያ አትደውይልኝም ነበር?»

«ሥራ ፈት ናት እንድትለኝ?»

በዚያው ቅጽበት ስልኩ እጁ ውስጥ ጮኸ። ሻለቃ ነው፦ «ምድር ቤት ፓምፑ ክፍል ውኃ ሞልቷል። ማን አለ?» ገና አሁን የተላከ፣ ትኩስ። አውራ ጣቱ መስተዋቱ ላይ ደርሶ ቆመ። ከልጅነቱ ጀምሮ እህቱ እየተቆጣችው ሳትጨርስ መሄድን አያውቅም።

«ምንድን ነው?» አለች።

«የቋሚው ሥራ... ቀድሞ አለሁ ያለ ሰው...»

ስልኩን መንጭቃ የድምፅ መቅጃውን ተጫነች። «አለ! ወንድሜ አለ፣ እየመጣ ነው! አንተም ብትሆን ሰውን እንደ በግ በግሩፕ ከምትጠራ፣ እንደ ሰው ደውል!» ብላ ላከችና ስልኩን እጁ ላይ መለሰችለት።

«እትዬ! አበላሸሽኝ እኮ!»

«ሂድ! ገና አልጨረስኩም፣ ሂድ!»

ሻለቃ ፓምፑ ክፍል በር ላይ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል።

«ሴትዮዋ ማን ናት?»

«እህቴ ናት።»

«ሚስቴ እንኳ እንዲህ አትናገረኝም!» አለ ሻለቃ። ቀጥሎም የግዱን ጨመረ፦ «ከቀጮ ግን ቀድማዋለች። ሙያው አለህ፣ አሁን ደግሞ ተገኝተሃል፤ ሳምንቱን አልጠብቅም። ሰኞ መጥተህ ውል ፈርም። ከእንግዲህ ስጠራህ የምትመልሰው አንተ ነህ፣ እሷ አይደለችም፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

ሱሪውን ሰብስቦ ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ገባና ሁለት እጁን ነክሮ የተሰነጠቀውን መገጣጠሚያ ዳበሰ። ደስታው ገና አልደረሰበትም፤ ልቡ በንዴት ይመታል። ደረት ኪሱ ጮኸ። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። ሦስተኛ።

«አንሳው እንጂ» አለ ሻለቃ። «ሥራ ሊሆን ይችላል።»

«ሥራ አይደለም፤ የእህቴ የድምፅ መልእክት ነው። ስድቧን እየጨረሰች ነው።»

እጁ እርጥብ ነበርና ሊዘጋው አልቻለም። ስልኩ ደረቱ ላይ እየተንቀጠቀጠ የእትዬን ቁጣ ተራ በተራ ያስገባ ጀመር፤ አንዱንም አላዘገየውም።