በግርጌዋ የሚያልፍ ሰው

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ አሁንም ልለፍ» አለ ከባሏ ጋር ይሠራ የነበረው ግንበኛ፣ ለለቀስተኛ የሚሆን ወንበር ከጓዳ ተሸክሞ። ወደ ጓዳው የሚገባው በመኝታ ቤቷ በኩል ብቻ ነው። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ሰው በግርጌዋ ሲመላለስ ይውላል፤ ባሏን የቀበረች ሴት ብቻዋን የምታለቅስበት ጥግ አጣች።

«የሰው ቤት ሲያቃና ኖሮ የራሱን እንዲህ ትቶት ይሄዳል?» አለች እህቷ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሹክሹክታ።

እውነቷን ነው። ሟች ለኪራይ የሚገዛው ሌላው ገዢ አይቶ የሚሸሸውን ቤት ነበር፤ ሽንት ቤቱ ሳሎን መሃል የተከፈተ፣ ምድጃው ከመግቢያው በር ጋር የተፋጠጠ። ከመግዛቱ በፊት ባዶው ቤት ውስጥ እንደ ተከራይ ይውላል። ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ውሃ ሳይኖር ፊቱን ይታጠባል፣ የሌለ ድስት ያማስላል። ደላሎቹ «ይሄ ሰውዬ ጨርቁን ሊጥል ነው» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን የሚያደናቅፈውን ካገኘ በኋላ ግድግዳው ላይ በጠመኔ በር ይስላል፤ ግንበኛው ይከፍተዋል፤ ቤቱ ወዲያው ተከራይ ያገኛል።

ለሚስቱ ብቻ ነገ ዛሬ ሲል ኖረ። እሷ የሌሊት ነርስ ናት፣ ቀን ትተኛለች። እሱ ጓዳው ውስጥ የቤቶቹን ሂሳብ ይሠራል፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ከብርድ ልብሱ የወጣ አውራ ጣቷን ቆንጠጥ ያደርጋል።

«ኧረ በፈጠረህ አስተኛኝ! በኮሪደሩ በኩል በር አታስከፍትም?» ትለውና እግሯን ትሰበስባለች።

አሁን እህቷ ግንበኛውን ያዘችው። «ሐዘኑ ይለፍና በኮሪደሩ በኩል በር ክፈትላት። ጓዳውን ታከራየው፤ ብቻዋን እንዴት ትሆናለች?»

ግንበኛው ወንበሩን አስቀመጠ። «እኔም ስንቴ ልክፈተው ብዬዋለሁ። ‹እሷ ማታ ሥራ፣ እኔ ቀን ሥራ። በሩ ከተከፈተ ምን አመካኝቼ በእሷ በኩል አልፋለሁ?› አለኝ።»

አልጋው ላይ የተኛችው ሴት መጀመሪያ ተናደደች፤ ለግንበኛ የነገረውን ለእሷ ሳይነግራት ሄደ። ከዚያ እግሯን የሰበሰበችባቸው ቀኖች ትዝ አሏት።

«እና ምን ላድርግ፣ እትዬ?»

«አትክፈተው።»

«እንግዲህ እንዲህ ሲረማመዱብሽ ኑሪያ!» አለች እህቷ።

ለቀስተኛው ተሰናብቶ ሲወጣ እህቷ ወንበሮቹን ወደ ጓዳ መለሰች። በግርጌዋ አለፈች፤ ተመለሰች። ሴትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አንድ እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታለች።

«ይበርድሻል» አለችና እህቷ እግሯን ሸፈነችላት።

ሴትየዋ እህቷ ወደ ሳሎን እስክትወጣ ጠበቀች። ከዚያ እግሯን መልሳ አወጣችው።