የዘገየች መስመር

መስመር ናት ወይስ የዓይኗ ድካም ነው፣ መመርመሪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታስጠጋዋለች፣ ታዞረዋለች፣ እንደገና ታየዋለች፣ ቅድም ምንም ያልነበረባት ባዶ ቦታ ላይ የሆነች ነገር ብቅ ብላለች፣ ቀጭን፣ ፈዛዛ፣ አለሁም የለሁም የምትል ዓይነት፣ ኧረ ባክሽ ወለተ ኢየሱስ፣ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተሽ ውለሽ ዓይንሽ ምን የማያየው አለ። ግን አለች። አለች እኮ።

አንድ መስመር ከወጣ የለብዎትም፣ ሁለት ከወጣ ኮሮና አለብዎት፣ ቅድም እንዲህ ብላ ነው ለአባ ተክለጻድቅ ያስረዳቻቸው፣ ለእናቷ የንስሐ አባት፣ እሷንም ክርስትና ላነሷት፣ ማንም ሳይጎትታቸው በገዛ እግራቸው ጤና ጣቢያ ድረስ መጥተው፣ ሳሉስ የጓሳ ተራራ ነፋስ ነው ልጄ፣ ግን ነገ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነው፣ ሕዝቡ መስቀሌን ይሳለማል፣ በሽታው ካለብኝ ቤቴ ልቀመጥ፣ አይተሽ ንገሪኝ፣ አሉ። አይተሽ ንገሪኝ። ሌላው ሰው አሳድደው ቢይዙት የማይመረመረውን እሳቸው ለምነው።

ጥጥ ያለበትን እንጨት ወደ አፍንጫቸው ስታስጠጋው እጇን ያዟት፣ አደራ ደም እንዳይወጣኝ፣ ደም ከወጣኝ ነገ መቅደስ አልገባም፣ ሦስተኛው ቄስ ቀየት ድረስ ለቅሶ ሄዷል፣ እኔም ከቀረሁ ቅዳሴው መታጎሉ ነው፣ በንግሧ ቀን፣ አሏት፣ እሷም አደራ ጠባቂዋ፣ የአፍንጫቸውን በር ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ አወጣችው። ጠልቆ መግባት ነበረበት። ታውቃለች። ይኼንን መመርመሪያ ሊገመግሙ ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሙያዎች ደጋግመው ነግረዋታል፣ ካልጠለቀ በሽታውን አታገኚውም፣ ጠልቆም መመርመሪያው ከአሥር በሽተኛ ሦስቱን አራቱን ሊያልፍ ይችላል፣ ደግሞ ብርድ አይወድም። ብርድ አይወድም! እዚህ ደጋ ላይ አምጥተውት ብርድ አይወድም፣ ካርቶኑን በባና ብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ የምታሳድረው እሷ፣ እና አጠቃቀሙ እንዴት ነው እህት ሲሏት ቀላል ነው ያለችው እሷ፣ ማንም ይችለዋል ያለችው እሷ። እውነቷን ነው፣ ማንም ይችለዋል፣ መሳሳቱንም ማንም ይችለዋል።

በሰዓቱ ስታየው አንድ መስመር ነበር። የለብዎትም አባ፣ አለች፣ ፊታቸው ሲበራ ደግሞ ልቧ አብሮ በራ፣ ምን ታድርግ፣ ደስ አላት። የለብዎትም ማለት ላይታይ ይችላል ማለት ነው ልትል ነበር፣ የለም ሲል ሊኖር ይችላል፣ ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት አማርኛ ነው፣ ማን ይሰማሻል፣ ለማንኛውም ጭምብሉን እንዳያወልቁ ስትል እሳቸው በሩን አልፈው ነፃ ነኝ፣ ነፃ ነኝ እያሉ ግቢው ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ያበሥራሉ፣ ጭምብሉም አገጫቸው ሥር ወርዷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እና አሁን ይቺ። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የምትወጣ መስመር አትነበብም፣ የመመሪያው ወረቀት እንዲህ ይላል፣ ወረቀቱን የጻፈው ሰውዬ ግን ጣቱ ደርቆ እስክሪብቶ መያዝ አቅቶት አያውቅም፣ በዚህ ብርድ ዘይት እንኳን ይረጋል፣ መስመሯስ ብትዘገይ ምን ይፈረድባታል። ወይም ደግሞ ምንም አይደለችም። እንዲሁ እድፍ ናት። እውነቱን የሚያውቀው ትልቁ ላቦራቶሪ ነው፣ ናሙና የሚወስደው መኪና ደግሞ ጎማው ፈንድቶ ቆሟል፣ ቢሄድስ መልሱ የሚመጣው ንግሡ ካለፈ፣ ሕዝቡ ከተሳለመ፣ የታመመው ከታመመ በኋላ ነው። ወጥታ ይመለሱ ብትላቸው፣ አሁን አጥልቃ ብትሞክር፣ ደም ቢወጣቸው፣ መስመሯም እድፍ ሆና ብትገኝ፣ ኪዳነ ምሕረትን ያስታጎለች ልጅ ትባላለች፣ ከዚያ ወዲያ ማን አፍንጫውን ይሰጣታል። ዝም ብትል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ትፈራለች፣ መናገሩንም ዝምታውንም እኩል ትፈራለች።

በመስኮቱ ታያለች። ሰዉ ተሰልፏል፣ መስቀሉ ከግንባር ወደ ከንፈር፣ ከከንፈር ወደ ሌላው ግንባር፣ አባ ፊታቸውን ዞር አድርገው ይስላሉ፣ ተመልሰው ይባርካሉ፣ ቀጥሎ አንዲት እናት ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፣ ትንፋሿ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ እናቷ ናት፣ ወሰኔ፣ የአስም መድኃኒቷን ልትወስድ መጥታ፣ አምና ጉንፋን ብቻ ይዟት በኦክስጅን የተረፈችው እናቷ።

እማዬ። መመርመሪያውን እንደያዘች ትሮጣለች፣ ኮሪደሩ፣ ደረጃው፣ አባ፣ አባ ይመለሱ፣ አንዴ ልድገምልዎት፣ አልጠለቀም ነበር፣ ሁለተኛ መስመር መጥታለች መሰለኝ። መሰለኝ። ከዚህ ሁሉ ትምህርት በኋላ ያላት ቃል እሱ ነው። አባ ፈገግ ይላሉ፣ የለብዎትም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ ልጄ፣ ይላሉ፣ ሰዉም ይስቃል፣ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው፣ ቀጥሎ ግን ፊቷን ያዩታል፣ ፈገግታቸው ይጠፋል፣ መስቀሉን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው ይሰበስቡታል።

እናቷ ተሳልማ ጨርሳለች። ነጠላዋን እያስተካከለች ትመጣለች፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትሮጪው፣ አሞሻል እንዴ፣ በይ በረከቱ ይድረስሽ፣ ትላለች፣ ጉንጯን ትስማታለች። ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነው፣ የመስቀሉ ብረት ቅዝቃዜ ገና አልለቀቀውም።

ወለተ ኢየሱስ ፊቷን አታዞርም። ሌላኛውንም ጉንጯን ትሰጣታለች።