በዛጎሉ ጫፍ የቀረው

ምራቲቱ ያንን ግቢ ከረገጠችበት ቀን ጀምሮ አፍንጫዋ አላረፈም። አማቷ ዛጎል አጽድተው ለጌጥ ሻጮች ያስረክባሉ፤ ጓሮው በርሜል ብቻ ነው፣ በርሜሉ ደግሞ የባሕር ቀንድ አውጣ። ዓሣ አጥማጆቹ በሕይወት ያመጡታል፣ ይቀቀላል፣ ከዚያ ሥጋው በቆልማማ ሽቦ ይወጣል። ሥጋ ስሙ ነው እንጂ፣ ልጋግ የለበሰ፣ ጣት ላይ የሚዝለገለግ ግራጫ ጉድ ነው። እጇን በሎሚ ብታሽ፣ በሳሙና ብትፈትግ ሽታው አይለቅም፤ ምግብ ወደ አፏ ባስጠጋች ቁጥር ቋቅ ይላታል።

ከሽታው የባሰ ያስጠላት ግን እዚያ ቤት ማንም አለመጸየፉ ነው። ባሏ ልጋጉን ሱሪው ላይ ጠርጎ በዚያው እጁ ዳቦ ይቆርሳል። ሌላ ሰፈር አንዲት ክፍል አይታ፣ "እንውጣ፤ እዚህ ልጅ አልወልድም" ካለችው ሰነባብቷል። እሱም እሺ ይላል። እሺ ማለት ምን ይከብደዋል፤ ለእናቱም እሺ፣ ለእሷም እሺ።

አንድ ቀን ወደ ሱቅ የተላከ ጆንያ ሙሉ ዛጎል ተመለሰ። አማቷ የጆንያውን አፍ ሲፈቱት ግማቱ ግቢውን ሞላው። ላዩ እንደ መስታወት ያበራል፣ ውስጡ በስብሷል። ያጸዳችው እሷ ነበረች፤ ተጸይፋ፣ ፊቷን አዙራ፣ በአንዴ እየመነጨቀች።

አማቷ አልተቆጡም። አንዱን በመዶሻ ከፈሉና ጫፉ ላይ የቀረውን ጥቁር ቁራጭ በጥፍራቸው ጫሩት። እሷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ። ስትጎትቺው ጅራቱ ተበጥሶ ቀረ።"

"ቤቱ አይደል እንዴ፣ እማማ? ከሞተ በኋላ እንኳ ለምን አይለቀውም?"

"ማን ተከራይቶ ገባ አለሽ? ከገላው ጠርዝ ኖራ የመሰለ ነገር እያወጣ፣ በዛጎሉ አፍ በኩል እየጨመረ፣ እየዞረ የሠራው ራሱ ነው። ይቺ ጫፏ ሕፃን ሳለ የሠራት ናት። የቱንም ያህል ቢያድግ ጅራቱ እዚያው የሕፃንነቱ ክፍል ነው፤ ገላውም ከዛጎሉ ጋር ተጣብቋል። እያዞርሽ፣ እያባበልሽ ነው የሚወጣው።"

"ይህን ሁሉ ምን አለፋው?"

"አጥንት የለውማ። ያለ ዛጎሉ ሸርጣን አንዴ ጎርሶ ይጨርሰዋል፤ ውኃው ሲሸሽም ፀሐይ ታደርቀዋለች።"

ይህን ሲሉ ባሏ ገባ። "ና እስቲ፣ ለሚስትህ አወጣጡን አሳያት" አሉት። ግድግዳው ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በልጅነቱ የተሠራችለት ናት፤ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አይቀረው። ሽቦውን አስገብቶ ቀስ እያለ አዞረ፤ ቀንድ አውጣው ከነጥምዝምዝ ጅራቱ ሙሉውን ወጣ። ያሳየው ለሚስቱ አልነበረም፤ ወደ እናቱ ነበር ከፍ ያደረገው።

"ጎበዝ" አሉት። ፊቱ በራ።

እንደገና አቅለሸለሻት። የዚህኛው ምክንያት ግን ቀንድ አውጣው አልነበረም።

በሩ ጋ ጠራችው። "ዛሬ ካልያዝናት ክፍሏ ለሌላ ልትሰጥ ነው። ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ" አለና ወደ ኋላው አየ። "ግን ለእማዬ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ በራሴ አልችልም፤ ጨከን በይና ጎትተሽ አውጪኝ።"

እጁን ዘረጋላት። በጣቶቹ መካከል ልጋግ ተዘርግቶ ነበር።

"አልጎትትህም" አለችው። "ብጎትትህ ግማሽህ እዚህ ይቀራል። ግማሽ ሰው ይዤ ምን ልሁን?"

ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ አልተከተላትም። እናቱ ጠርተውት ነበር፤ እሺ ሲል ከውጭ ሰማችው።

አዲሷ ክፍል ቀለም ቀለም ትሸታለች። ሻንጣዋን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ዳቦ ቆርሳ ጎረሰች። ቋቅ እስኪላት ጠበቀች፤ አላላትም። የዚያ ቤት ሽታ፣ የእሱም ጭምር፣ ከእጇ ለቅቋል። ያኔ ነው ያለቀሰችው።