የስምዖን አማት

ሰው ሁሉ «የስምዖን አማት ንዳድ ይዟት ተአምር ተደረገላት» እያለ ያወራል። ያውራ! አፉ አይታክተው። ስሜን እንኳ የሚያነሳ የለም፤ ምንትዋብ እባላለሁ። ንዳድም አልያዘኝም። የሆነውን እኔው ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ሀይሚ አንድ ልጄ ናት። አባቷ ገና ስትድህ ሞቶብኝ ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የምንኖረው ሦስት ነን፤ እኔ፣ እሷና ባሏ ስምዖን። ስምዖን ሚኒባስ ይነዳል፣ ወንድሙ እንድርያስ ረዳቱ ነው። ከገርጂ መገናኛ ሲመላለሱ ይውላሉ። ችኩልና አፈ ፈጣን ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክፉ ልጅ አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት ገርጂ ላይ አንድ ሰውዬ ጋቢና ገባ። መምህር ይሉታል፤ ለእኔ ግን ሰውዬው ነው። መገናኛ እስኪደርሱ ምን እንዳወራቸው እግዜር ይወቅ። ማታ ስምዖን «እስካሁን ሰው ስታመላልስ ኖርክ፤ ከእንግዲህ ወዴት እንደምታደርሰው አሳይሃለሁ አለኝ» ብሎ ሲነግረን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያስ? ጠዋት እዚያው መገናኛ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ቁልፉን ለተራ አስከባሪው ሰጥቶ፣ ወንድሙን አስከትሎ ሄደ! ተሳፋሪው ገና ወርዶ ሳያልቅ! እኔ የምለው፣ ሰው በየተራ ነው እንጂ የሚያብደው ወንድማማች በአንድ ቀን ያብዳል?

ማበዱን እንኳ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። በሳምንቱ ሀይሚ ልብሷን ስታጣጥፍ ደረስኩባት። ሰውዬው ከከተማ ከተማ ሊዞር ነው፣ ስምዖን ሊከተለው ነው፣ እሷም ባሏን ልትከተል ነው። መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። «እኔስ?» አላልኳትም። ለምን እላለሁ? ማንንም ለምኜ አላውቅም! አልጋዬ ላይ ወጣሁና «ወይኔ ራሴን! ወይኔ እግሬን!» ማለት ጀመርኩ።

ትኩሳቱ ከየት ይምጣ? ተማሪ ቤት ፈተና ስንፈራ የምናደርጋት ነገር ትዝ አለችኝ፤ ነጭ ሽንኩርት ልጦ ብብት ሥር መወተፍ። ሰውነት ያግላል። ሀይሚ ግንባሬን ነክታ ትደነግጣለች፣ ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ ታመጣለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለኝ «አራት ፎቅ በምን እግሬ ልወርድ!» ብዬ እጮኽባታለሁ። እሷ ካልሄደች ስምዖንም እግሩ አልነሳ አለው። ጉዞው እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት ቆየ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

የነቃችብኝ ጎረቤቴ ሐሊማ ብቻ ናት። የወሎ ሴት ናት፣ ታች ሱቅ አላት። ሾርባ ይዛልኝ መጥታ ጎንበስ ስትል አፍንጫዋን ያዘች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አላህ በሰጠሽ ጤና አትቀልጂ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ የደበቅኩት ጤናዬን ነው፤ አርፈሽ ሾርባሽን ስጪኝ» አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

እሑድ ረፋድ ላይ ስምዖን በሩን በርግዶ ገባ። ብቻውን መስሏችኋል? እንድርያስ አለ፣ እንደ እነሱ ሰውዬውን ብለው አባታቸውን ጋራዥ ውስጥ ጥለው የመጡ ሌሎች ሁለት ወንድማማቾች አሉ፣ ደረጃው ላይ የብሎኩ ሰው ተግተልትሏል። ሰውዬውም አለ።

«እማማ፣ መምህሬን አመጣሁልዎት!» አለኝ ስምዖን።

አመጣሁልዎት! ማን አምጣልኝ አለው? ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩ።

ሰውዬው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብሎ እጄን ያዘኝ። መዳፉ ሻካራ ነው፣ የአናጢ እጅ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና «እናቴ፣ ያውጡት። ቆዳዎን ጎዳዎት» አለኝ። ከእኔ በቀር የሰማ የለም።

እውነቱን ነው፤ ብብቴ ተልጦ እንደ እሳት ይለበልበኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊያዋርደኝ ይችል ነበር፤ አላዋረደኝም። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው! ቢያዋርደኝ እሰድበው ነበር፣ ሰድቤ እገላገል ነበር። እጄን እንደያዘ ጠበቀኝ። ምን ላድርግ? ዞር ብዬ አውጥቼ ትራሴ ሥር ደበቅኩና ተነሣሁ።

አቤት እልልታ! «ዳነች! ዳነች!» ይባላል። ስምዖን ሰውዬው እግር ላይ ተደፋ። ዋሽቼ ነው እንዳልል ውርደት ነው፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ተአምር ሊሆን ነው። ዝም አልኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ምስር ወጥ ሠርቼ አበላኋቸው። ድስት እያጋጨሁ ነው ያበላኋቸው፤ የሚወራው ግን «ወዲያው ተነሥታ አስተናገደች» ተብሎ ነው።

ሀይሚ ሳህኑን አጥባ ስትጨርስ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«እማዬ፣ አሁንማ ድነሻል። ማክሰኞ ከስምዖን ጋር እሄዳለሁ።»

በገዛ እጄ! ልጄን ልይዝበት የፈጠርኩት በሽታ፣ ሲድን ልጄን ይዞብኝ ሊሄድ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ልትስመኝ ስትመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሻንጣዋ ደረጃውን እየገጨ ሲወርድ ይሰማኛል። አልቻልኩም። ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ አራቱን ፎቅ በሩጫ ወረድኩ። ስምዖን እንደ ተሳፋሪ ሚኒባስ ውስጥ ገብቷል፤ እሷ አንድ እግሯን አስገብታለች።

«አልታመምኩም ነበር!» ብዬ ጮህኩ። «ማንም አላዳነኝም! ዋሽቼሽ ነው!»

እግሯን መልሳ አወረደች።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምን?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። የቤቱን ቆሻሻ የምደፋው እኔ ነኝ እኮ።» ልጄ እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ፎጣ እየነከርኩ የጠበቅኩት አንድ ቃል ነው። አትሂጂብኝ ብትይኝ እቀር ነበር። እሱን ከመናገር መታመም ቀለለሽ!»

የሚኒባሱ ረዳት «እህት፣ ግቢ እንጂ፣ ሰው እያስጠበቅሽ ነው!» ይላታል። እሷ አልገባችም። ቆማ አፍ አፌን ታየኛለች። ገባኝ፤ አሁንም እየጠበቀችኝ ነው። አሁንም ብላት ትቀራለች። አፌን ከፈትኩ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያየኛል፤ ስምዖንም ያየኛል።

«ሂጂ!» አልኳት። «ማን ያዘሽ? ያላንቺ አልሞትም!»

ሻንጣዋን አንስታ ገባች።