ፈቺ ያጣ መሐላ

አጎት ሸን ሥራ የጀመሩ ቀን ከምግብ ቤቴ ደጃፍ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ቀይ ሰደርያ አልብሰው፣ ድምፅ ማጉያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውላቸው፣ አርባ ከሚያህሉ ጎብኚዎች ፊት አቁመዋቸዋል። ጎብኚዎቹ ስልካቸውን ደግነው ይጠብቃሉ። አጎት ሸን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ዞር ብለው ከጀርባቸው ያለውን የጡብ ሕንፃ አዩትና፣

«ይሄ... ቤት ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም። አንዷ ጎብኚ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የአስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቺያው ወን እየሮጠች መጥታ ማጉያውን ተቀበለቻቸውና ሰዎቹን ራሷ እየመራች ይዛቸው ሄደች። እሳቸው እዚያው ደርቀው ቀሩ።

ከተማችን ድሮ በካርታ ላይ አልነበረችም። የአገራችን የመጀመሪያ የአቶም ቦምብ ጥናት የተካሄደው እዚህ፣ በዚህ ሜዳ ላይ በነበረ ምስጢራዊ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ ሠራተኛው ከተበተነ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ የቀረነው ደግሞ ያንኑ ምስጢር እየሸጥን እንኖራለን። የእኔ ምግብ ቤት የፋብሪካው የራሽን ማደያ ነበር። የጎመን ዘር አበባ ሜዳውን ቢጫ ሲያደርገው ለሁለት ወር ሰው ይጎርፋል፤ በአቅራቢያችን ያለውን ሐይቅ አይቶ ሲመለስ እኛ ጋ ጎራ ይላል፣ የእኔን ኑድል በበግ ሥጋ ይበላል፣ ከጎረቤቴ ሱቅ የቦምብ ቅርጽ ያለው የቁልፍ ማንጠልጠያ ይገዛል። ብርዱ ሲገባ ውሻ እንኳ አያልፍም።

አጎት ሸን፣ አጎት የምንላቸው በአክብሮት ነው እንጂ ዘመዳችን አይደሉም፣ በሃያ ዓመታቸው መጥተው ሃያ ሦስት ዓመት በብረት መቅረጫው ማሽን በቶርኖ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ ኸፌይ ከተማ ተዛወሩ። አምና ሚስታቸው ሞተችባቸው። ቺያው ወን በስልክ አግኝታቸው ለወቅቱ ቀጠረቻቸው፤ «እውነተኛው አንጋፋ ሠራተኛ በራሱ አንደበት» የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው ለጠፈች፤ ከምግብ ቤቴ በላይ ያለውን ክፍል ተከራየችላቸው።

የዚያን ቀን የምሳው ግርግር ካለፈ በኋላ ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ኑድላቸውን አቀረብኩላቸው።

«አጎቴ፣ ምን ነካዎት? የደጋው አየር ሳሳብዎት እንዴ?»

«አየሩንስ ለምጄዋለሁ፣ ሀሊማ። ቦታውን ማሳየት ብቻ መስሎኝ ነበር የመጣሁት፤ ምን ብዬ ልናገር?»

«ያዩትን ነዋ!»

«እሱንማ እንዳልናገር ምያለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው ግን ፈገግ አላሉም።

«በሃያ ዓመቴ፣ በክፍል ኃላፊያችን በታን ፊት፣ እጄን አንስቼ። ለወላጅም፣ ለሚስትም፣ ለልጅም፣ እስክሞት ድረስ።»

«አጎቴ፣ ያ እኮ አበቃ! ሙዚየም ተከፍቶበታል!»

ከመደርደሪያው ላይ ለጎብኚ የምሸጠውን ኩባያ አንስቼ ሰጠኋቸው። የፋብሪካው የሁለተኛው ወርክሾፕ ፎቶ ታትሞበታል። እያገላበጡ ብዙ አዩት።

«ይሄን ማን ፈቀደ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በካርቶን ነው የሚመጣልኝ።»

«ሚስቴ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ ኖራለች» አሉ። «የውሃ ቧንቧ እሠራለሁ አልኳት። ቤታችን ቧንቧ በተበላሸ ቁጥር ሌላ ሰው ስጠራ፣ ‹አንተ ምን ዓይነት ቧንቧ ሠሪ ነህ› እያለች ትስቅብኝ ነበር። ይሄ በኩባያ ላይ የሚሸጥ ነገር ከሆነ፣ እሷን ለምን ዋሸኋት?»

ኩባያውን ፎቶውን ወደ ግድግዳው አዙረው አስቀመጡትና ኑድላቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

በማግስቱ ከመሐላው የሚፈታቸውን ሰው ፍለጋ ተነሡ። መሥሪያ ቤቶቹን ስለማያውቁ አብሬያቸው ሄድኩ። መጀመሪያ ሙዚየሙ ጋ ደረስን። ትኬት ቆራጩ ጉዳያቸውን ሳይሰማ «አባባ፣ ለሽማግሌ ነፃ ነው፣ ይግቡ» አላቸው። ከዚያ ወደ ከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አለፍን። እዚያ ያለው ሰውዬ በትሕትና ትኩስ ውሃ ቀዳላቸው፤ ነገሩንም እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ያስማለዎት የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?»

«ስም አልነበረውም። ቁጥር ነው የነበረው።»

«እሺ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?»

አጎት ሸን አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣

«እሱስ ይነገራል?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እኔን ይጠይቁኛል እንዴ!»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አጎቴ፣ ያ መሥሪያ ቤት ከፈረሰ ቆየ። የፈረሰ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይጽፍም።»

«መሐላውስ? አብሮ ፈረሰ?»

«እሱ... እሱ እንግዲህ የእኛን ክፍል አይመለከትም።»

ፖሊስ ጣቢያ ደግሞ የጠፋባቸው ዕቃ ምን እንደሆነ ጠየቋቸው። «ዕቃ አይደለም» አሉ አጎት ሸን። «እንግዲያ እዚህ አይመዘገብም» አሏቸው። ስንመለስ እኔም ራሴ ማን ሊፈታቸው እንደሚገባ ግራ ገብቶኝ ነበር። ያስማለ ከሌለ መሐላው ከማን ጋር ነው? ደግሞ መሐላ እንደ ሱቅ በራሱ ጊዜ ይዘጋል?

ቺያው ወን ትቆጣለች እንጂ ክፉ ልጅ አይደለችም። «በቃ፣ አጎቴ፣ ከራስዎ ምንም አይናገሩ። ይቺን ብቻ ያንብቡልኝ» ብላ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠቻቸው። እኔ ጋ ተቀምጠው መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛው ገጽ መሐል ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ምነው?»

«ተሳስቷል።»

«ምኑ?»

ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አነሡ።

«ይንገሯታ፣ ታስተካክለዋለች።»

«ስሕተቱን ካሳየኋት እውነቱን ነገርኳት ማለት ነው። እንዳለ ካነበብኩት ደግሞ ዋሸሁ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እኔማ አነበዋለሁ፤ ጎብኚው ምን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሲወጡ ሦስቴ ደጋግሜ አነበብኩት። የትኛው መስመር እንደተሳሳተ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ድሮ ጎብኚ ስለ ከተማችን ሲጠይቀኝ ሊጥ እየጎተትኩ ሁሉን እዘከዝክ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሐል ላይ እያቆምኩ፣ «ይመስለኛል» ማለት አመጣሁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው የክፍል ኃላፊዋን የታንን ስልክ ቁጥር ፈልጎ ላከላቸው። ሴትዮዋ ዘጠና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዚቦ ከተማ ውስጥ ከልጇ ጋር ትኖራለች። አጎት ሸን ጆሯቸው ስለሚያስቸግራቸው ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አድርገን ድምፁን ከፍ አደረግነው።

«ኃላፊ ታን፣ እኔ ሸን ዴሁዋይ ነኝ። የቶርኖው ሸን። ከሁለተኛው...» አሉና ቆም አሉ። «ከሁለተኛው።»

«ማን?»

«የዛሬ ሃምሳ ዓመት እርስዎ ፊት ምዬ ነበር። አሁን ሁሉ ነገር ተከፍቷል ይሉኛል። እርስዎ ተናገር ካሉኝ እናገራለሁ። አትናገር ካሉኝም እተወዋለሁ።»

መሥመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ላነሣ ስል አሮጊቷ ተናገረች።

«ተሳስተሃል፣ ልጄ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። አንተ የምትለውን ቦታ አላውቀውም።»

«ኃላፊ ታን...»

«በደንብ ትበላለህ? ጤናህስ?»

«ደህና ነኝ።»

«ጎሽ። ራስህን ጠብቅ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

«ረስተዋል፣ አጎቴ» አልኩ ላጽናናቸው። «ዘጠና ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም።»

«ድምፃቸው የረሳ ሰው ድምፅ አይደለም» አሉ። ስልኩን ገፋ አድርገው «ወይም ረስተው ይሆናል» አሉ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ እንባቸውን እስኪያመጣው ድረስ ሳቁ። እኔ ውሃ ልስጣቸው ወይስ ብቻቸውን ልተዋቸው ጠፍቶኝ በእጄ ሊጥ ይዤ ቆምኩ።

በነጋታው ሰደርያውን አጥበው፣ አጣጥፈው ለቺያው ወን መለሱላት። «ፎቶ ለመነሣት ብቻ እንኳ ይቆዩልኝ» ብላ ለመነቻቸው፤ አልሆነም። ሳምንት ሳይሞላ ከሺኒንግ ከተማ ጡረታ የወጣ የቲያትር ተዋናይ አመጣች። ያ ሰውዬ በዕድሜው ቶርኖ ነክቶ አያውቅም፤ ሲናገር ግን ሰው ያስለቅሳል። ገበያው ደራ፤ የእኔም ኑድል ከሰዓት በኋላ ማለቅ ጀመረ።

አጎት ሸን ክፍሉ እስከ ወሩ መጨረሻ የተያዘላቸው ስለነበር አልሄዱም። በየጠዋቱ ከጎብኚዎቹ ኋላ ቆመው ተዋናዩን ያዳምጣሉ። አንድ ቀን አንዲት ወጣት «አባባ፣ ከየት ነዎት?» ስትላቸው ሰማሁ።

«ከኸፌይ። ለጉብኝት ነው የመጣሁት።»

«ደስ አይልም? እንዴት ያሉ ጀግኖች ነበሩ!»

«አዎ፣ ጥሩ ይናገራል» አሉ።

ተዋናዩ የባሏን ደብዳቤ ስለምትጠብቅ አንዲት ሚስት መተረክ ሲጀምር ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ አበባው ሜዳ ዞሩ። ሰዎቹ ወደሚቀጥለው ሕንፃ ካለፉ በኋላ ተጠጋኋቸው።

«ይሄን ሁሉ ውሸት እንዴት ይችሉታል፣ አጎቴ?»

«ውሸት መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«እና እውነት ነው?»

«እሱንም አላልኩሽም።»

ወሩ ሲያልቅ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋቸው። ለመንገድ የቋጠርኩላቸውን ዳቦና ሥጋ አመስግነው ተቀበሉኝና መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ቅር ብሏቸው ይሂዱ ቀሏቸው ይሂዱ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

ብርዱ ገብቶ ምግብ ቤቱን በዘጋሁበት ሰሞን ደወሉልኝ።

«ሀሊማ፣ የልጅ ልጄ ትናንት ‹አያቴ፣ ድሮ ሥራህ ምን ነበር?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ቶርኖ ሠራተኛ ነበርኩ አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ። ቧንቧ አላልኩም።»

«እሷስ?»

«እሺ አለችና ሩጫዋን ቀጠለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።»

«ብትጠይቅዎትስ ኖሮ?»

«አላውቅም» አሉ። «እስክትጠይቀኝ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኋት ነው።»

ከዚያ እዚያ በረዶ ጥሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥሏል፣ መንገዱም ተዘግቷል አልኳቸው።