ያልተረበሸ ናሙና

አካፋው ከጉድጓዱ ስር ጠንካራ ነገር መታና «ቃ!» አለ። ሂሻም ክው አለ። ድንጋይ ከሆነ ዓመቱ ገደል ገባ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የቆመችው ዑግባድ ግን ድምፁን በሌላ መልኩ ነበር የሰማችው።

«ደረሰበት!» ብላ ጮኸች። «እንስራው ጋ ደረሰ! ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ቀስ በል፤ ትሰብረዋለህ!»

«ኤዶ ዑግባድ፣ ምንም እንስራ የለም። ድንጋይ ነው።»

«ሳታየው ድንጋይ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ሂሻም በአካፋው ጫፍ ዙሪያውን መጫር ጀመረ። ወተት ሻጯ ዑግባድ የአጎቱ ጎረቤት ነች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ አክስት ቆጥሮ «ኤዶ» ነው የሚላት። ለሐርላ መንደር ሰው የመቆፈር ነገር ቀልድ አይደለም። መንደሩ አጠገብ የጥንት ፍርስራሽ አለ። አልፎ አልፎ የሚያርስ ሰው አንዲት አሮጌ ሳንቲም ወይም ዶቃ ያገኛል፤ ወሬው ድሬዳዋ ሲደርስ ሳንቲሟ አንድ እንስራ ሙሉ ወርቅ ሆና ትገባለች። ስለዚህ እዚያ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ወይ ሽንት ቤት ሊሠራ ነው፣ ወይ ወርቅ ፍለጋ መጥቷል። ሂሻም ከሁለቱም አልነበረም። ይህን ከጠዋት ጀምሮ ለሰባት ሰዎች አስረድቷል፤ ሰባቱም ሰምተውት ከሄዱ በኋላ ሌላ ሰው ይዘው ተመልሰዋል።

ሂሻም ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የሲቪል ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የአፈር ሜካኒክስ የሚባለውን ትምህርት ለማለፍ፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ካለ መሬት «ያልተረበሸ ናሙና» ማምጣት ነበረበት፤ መሬት ውስጥ እንደነበረ፣ እርጥበቱም አቀማመጡም ሳይነካ በብረት ቱቦ የወጣ አፈር ማለት ነው። ባለፈው ወር ከኮሌጁ አጥር ስር በፌስታል ዝቆ ወሰደና ቅጹ ላይ «ሐርላ፣ አንድ ሜትር» ብሎ ጻፈ። መምህርቷ ስምረት አፈሩን ስትበትነው የውሃ ፕላስቲክ ክዳን ወጣ።

«ከፍርስራሹ መሆን አለበት» አለች ስምረት፣ ክዳኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ። «የስንተኛው ክፍለ ዘመን ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ አንድ ዕድል ሰጠችው፤ ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ሰዓቱ ካለፈ፣ ወይም ናሙናው ከአንድ ሜትር ካነሰ፣ ሂሻም ዓመቱን ይደግማል።

አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጉድጓዱ ዘጠና ሳንቲሜትር ደርሷል።

«አብቲ፣ እባክህ ሰዉን መልስልኝ» አለ ሂሻም፣ ወደ እናቱ ወንድም ወደ ዒጋል አንጋጦ። መሬቱ የዒጋል ነው፤ የእህል መጋዘን ሊሠራበት ያሰበው ቦታ ነው።

ዒጋል ግን ጫማውን እያወለቀ ነበር። «ላግዝህ ብዬ ነው» አለ።

ዒጋል ገባ። ዑግባድ፣ ዒጋል ብቻውን እንዳያገኘው ብላ ገባች። ሁለት ጎረቤቶች ደግሞ ዑግባድን ለመጠበቅ ገቡ። ሂሻም ቦታ ስላጣ ወጣ። ሩብ ሰዓት ያህል በእጃቸው ጭረው ጭረው፣ በመጨረሻ ሁለት ሰው ተሸክሞ ያወጣው ነገር ድንጋይ ሆነ። ዑግባድ አገላብጣ አየችው፤ አንኳኳችው፤ ጆሮዋንም አስጠጋች።

«ድንጋይ ነው» አለች፣ መጀመሪያ የደረሰችበት እሷ እንደሆነች ሁሉ።

የጉድጓዱ ስር በስምንት እግር ተረግጦ፣ በስምንት እጅ ተጭሮ እንዳልነበረ ሆኗል። ሳይነካ የቀረው፣ ሂሻም ሲቆፍር እግሩን ሊያሳርፍበት የተወው ደረጃ ብቻ ነበር። ሜትሩን ዘረጋ። ሰባ ሳንቲሜትር። ከዚያ በታች ያለው አፈር ድንጋዩ ሲነቀል እስከ ጎኑ ድረስ ተናግቷል፤ ሌላ ጉድጓድ ልጀምር ቢል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ተንበረከከና ቱቦውን ደረጃው ላይ አቁሞ፣ በላዩ ጣውላ አድርጎ በመዶሻ ቀስ በቀስ አስገባው። ዙሪያውን ፈልፍሎ አወጣው። ከዚያ ከኪሱ ሻማ አውጥቶ ለኮሰና የቱቦውን ሁለት ጫፎች በሰም መድፈን ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ዑግባድ።

«እያሸግሁት ነው። እርጥበቱ እንዳይወጣ።»

«የምን እርጥበት?»

«የአፈሩ።»

«ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አፈር በሰም ሲታሸግ አላየሁም። ዒጋል፣ አንተ አይተሃል?»

«አላየሁም» አለ ዒጋል፣ ቱቦውን በአዲስ ዓይን እየተመለከተ።

ሂሻም ቱቦውን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ሲያቅፈው ነገሩ ይብስ ከረረ። እስኪከፈት ድረስ ከቱቦው እንደማይለዩ ነግረውት ዑግባድና ዒጋል ተከተሉት። መንገድ ዳር ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀው፣ ከደንገጎ የሚወርድ ሚኒባስ አስቁመው ሦስቱም ከኋላ ወንበር ላይ ተደረደሩ።

«ሾፌር፣ እባክህ ጉብታው ላይ ቀስ በል» አለ ሂሻም። «እንዳይነቃነቅብኝ።»

ከፊቱ የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ ፎጣውን አየችና ፊቷ በራ። «ስንት ወሩ ነው?»

«ዛሬ ነው የወጣው» አለ ሂሻም፣ ሐሳቡ ጉብታው ላይ ስለነበር።

«ዛሬ! እናቱስ የት አለች?»

«ከጉድጓድ ነው ያወጣው» አለች ዑግባድ። «እኛም ተጣልተንበት ነው የመጣነው።»

ሴትዮዋ አፏን ይዛ ወደ ፊት ዞረች። ሁሉንም የሰማው ሾፌር እስከ ድሬዳዋ ድረስ መኪናውን እንደ ሰርግ መኪና እያዘገመ ነዳ። ሂሻም ሰዓቱን እያየ ላብ በላብ ሆነ።

«እሺ፣ አፈር ነው እንበል» አለች ዑግባድ ትንሽ ቆይታ። «ምን ያደርግላችኋል?»

«ኤዶ፣ እዚህ ቱቦ ውስጥ ያለው ሁሉ አፈር ብቻ አይደለም። የአፈሩ ቅንጣት፣ ፍሬው አለ፤ በፍሬው መሀል ደግሞ ውሃና አየር አለ። ሦስቱ ስንት ስንት እንደሆኑ ከታወቀ፣ መሬቱ ቤት ይችል አይችል እንደሆነ ይታወቃል።»

«አየርም አለበት?»

«አለበት።»

«አቦ! ለከተማ ሰው አየር አሽገህ ነው የምትወስደው? ከዚራ ሰፈር ያ ሁሉ ዛፍ እያለ?»

ዒጋል ሳቁን ዋጠ። ሂሻም ግን አልተናደደም፤ እንዲያውም መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቦ ያልገባው ነገር አፉ ላይ እየመጣለት ነበር። ውሃው ሲወጣ አፈሩ እንደሚሰበሰብና እንደሚጠነክር፣ ሲገባ እንደሚያብጥና እንደሚለሰልስ፣ በዚህ መሀል ላዩ ላይ የቆመ ግድግዳ እንደሚሰነጠቅ ነገራት።

«ይሄንንማ ማን ያጣዋል?» አለች ዑግባድ። «የኔ ጓዳ ዝናብ በመጣ ቁጥር ነው የሚሰነጠቀው። ለዚህ ነው ሦስት ዓመት የምትማረው?»

ከቤተ ሙከራው ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ስምረት ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ቱቦውን ተቀብላ፣ ከሂሻም ኋላ የቆሙትን ሁለት እንግዶች አየች።

«እነዚህስ?»

«ቲቸር፣ ከናሙናው ጋር ነው የመጡት» አለ ሂሻም።

ስምረት ሰሙን በቢላ አንስታ ቱቦውን አፈር መግፊያው መሣሪያ ላይ አሠረችው። እጀታውን ስታዞር ከሌላው ጫፍ ቡናማ፣ ርጥብ፣ ልሙጥ አፈር ቀስ እያለ ወጣ። ዑግባድ አንገቷን አስግጋ እስከ መጨረሻው ድረስ ተከታተለችው። ቱቦው ባዶ ሲሆን ዓይኗን አስጠግታ ውስጡን አየች።

«አፈር ነው» አለች። ወደ ዒጋል ዞረች። «ልጁ ከጠዋት ጀምሮ እውነቱን ነው ሲናገር የነበረው። አንተ ነህ ያሳሳትከኝ።»

«እኔ?»

«ጫማህን ያወለቅኸው አንተ ነህ።»

ስምረት አፈሩን በቀጭን ሽቦ ቆርጣ የተቆረጠውን ፊት መረመረች። «ስንጥቅ የለውም፤ እርጥበቱንም ጠብቋል» አለች። «ጥሩ አድርገህ ነው ያወጣኸው።» ቅጹንና እስክሪብቶውን አቀበለችው። «ጥልቀቱ ስንት ነው?»

ሂሻም አፉን ከመክፈቱ በፊት ዑግባድ ቀደመችው። ከጠዋት ጀምሮ የበደለችውን ልጅ የምትክስበት ጊዜ እንደደረሰ ተሰምቷታል።

«አንድ ሜትር!» አለች። «በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«አንድ ከሩብ ይሆናል» አለ ዒጋል።

«እስከዚህ ድረስ ነው» አለች ዑግባድ ደረቷን እያሳየች።

ስምረት አልሳቀችም። «የጠየቅሁት እሱን ነው።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሟል። አንድ የሚል ቁጥር አንዲት ጭረት ናት፤ ለመጻፍ ቅጽበት አይፈጅም። ሁለት ምስክርም አለ።

«ሰባ ሳንቲሜትር ነው» አለ ሂሻም።

ዑግባድ ክንዱን ቆነጠጠችው። «ዋርያ! ሠላሳ ሳንቲሜትር ምን አላት? ጻፍና እንሂድ!»

«ከአንድ ሜትር ካነሰ መመሪያው እንደማይቀበለው ታውቃለህ አይደል?» አለች ስምረት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የሠላሳውን ሳንቲሜትር ነገር ለእኚህ እናት አስረዳቸው።»

ሂሻም ወደ ዑግባድ ዞረ። «ኤዶ፣ ከላይ ያለውን ፀሐይ አድርቆታል፤ ስለዚህ ጠንካራ ነው። ከስር ያለው የበለጠ ርጥብ ነው፤ ምናልባትም ልል ነው፤ እስካሁን አልመረመርነውም። ይሄንን አንድ ሜትር ነው ብዬ ብጽፍ፣ ወረቀቱን አምኖ መሠረት የሚጥል ሰው ስሩም እንዲሁ ጠንካራ ነው ብሎ ይገነባል። ክረምት ሲመጣ ግድግዳው ይሰነጠቃል።»

«የማን ግድግዳ?» አለ ዒጋል።

«ያንተ መጋዘን ነዋ፣ አብቲ። አፈሩኮ ያንተ ነው።»

ዒጋል አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። «ሰባ ነው!» አለ ለስምረት። «ሲለካ አጠገቡ ነበርኩ። ከሰባ አንዲት ጣት አላለፈም። ይቺን ሴት አትስሟት!»

«አሁን ደግሞ እኔ ሆንኩ?» አለች ዑግባድ።

ስምረት ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየ። ተመልሳ ስትዞር ፊቷ የመምህር ፊት ሆኖ ነበር፤ ስለ ውጤቱ አንድም ቃል አልተናገረችም።

«እንግዲህ ጻፈው» አለች።

ሂሻም «0.70» ብሎ ጻፈ። ከስሩ «ከተፈለገው ጥልቀት ያልተወሰደበት ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። «ድንጋይ» ብሎ ጀመረና አሰበ። ድንጋዩ ወጥቶ ነበር። ወደ ዑግባድና ወደ ዒጋል አየ፤ የማን ጥፋት እንደሆነ አሁንም እየተጨቃጨቁ ነው። ቃሉን ሰርዞ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ከዚህ በታች ያለውን ሰዎች ገብተው ረብሸውታል። ቆፋሪው እኔ ነበርኩ፤ አልከለከልኳቸውም።»

ስሙን ጻፈ፤ ፈረመበት፤ ወረቀቱንም ወደ ስምረት ገፋው።