ላም ሆኖ የማያውቅ ሶፋ

ወንድሜ ኃይለማርያም ኪፓንዴዬን የሚመልስልኝ ሶፋው ማጣበቁን ሲያቆም እንደሆነ የተናገረው በምስክር ፊት ነው። ምስክሩ ኦቦ ዲዳ ናቸው፤ የከብት ነጋዴ፣ የሆቴላችን የቆዩ ደንበኛ። በዚያች ሰዓት ከሶፋው ለመነሳት ይታገሉ ነበር። ተነሱም፤ የሸሚዛቸው ጀርባ ግን እንደ ፕላስተር እየተላጠ ዘግይቶ ተከተላቸው።

«ኃይሌ፣ ይሄ ሶፋ እንግዳ ይወዳል። አልለቅም ይላል» አሉ።

እንግዳ መቀበያው ውስጥ የነበረ ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም፤ ወደ እኔ ዞረ።

«ኢሲዮሎ ሄጄ አስተምራለሁ ትያለሽ አይደል? እሺ። ይሄ ሶፋ ሰው መያዙን ያቁም፤ ያን ቀን ኪፓንዴሽን ውሰጂ። ኦቦ ዲዳ ይስሙ።»

ኪፓንዴ፣ ማለትም መታወቂያ፣ የሌለው ሰው ከኬንያዋ ሞያሌ ወደ ደቡብ አይወጣም። ፖሊስ አውቶቡሱን ያስቆማል፣ ሁሉም መታወቂያውን ይዘረጋል፣ የሌለው ይወርዳል። የእኔን ወንድሜ «እንዳይጠፋብሽ» ብሎ ከሆቴሉ ፈቃዶች ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። እንዳይጠፋብሽ! ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ በኬሚስትሪ ተመርቄያለሁ። የወህኒ ጠባቂም እኮ የሚቆልፈው እስረኛው እንዳይጠፋበት ነው። በመጀመሪያ ምግብ አብሳይዋ ወልዳ እስክትመለስ ቆዪ አለኝ። ተመለሰች። ቀጥሎ ክፍሎቹ ቀለም ይቀቡ አለ። ተቀቡ። አሁን ሶፋው መጣ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሚጠብቀኝ እስከ ሰኞ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ ልወቅ» አልኩት።

«ከምን እንደተሠራ? ሌዘር ነዋ! ናይሮቢ ንጹህ ሌዘር ብለው ነው የሸጡልኝ።»

ይህችን ቃል እጠላታለሁ። ቆዳ ቢሉት ሰው ያሸተዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ይከራከርበታል። ሌዘር ሲሉት ግን አፉን ይዘጋና ይከፍላል። ከብት በደጁ ሲነዳ የሚውል ከተማ ቆዳ ሳይነካ ሶፋ ይገዛል! ይባስ ብሎ ወንድሜ ቦረናዎች ቆዳን በቅቤ እንደሚያለሰልሱ ሰምቶ ሶፋውን በየሳምንቱ ቅቤ አስቀብቶኛል። «ቆዳ ቅቤ ይጠጣል» ይለኝ ነበር።

መቀመጫው ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ጣልኩ። ቀስ እያለች ሰረገች፤ ቦታውም ጠቆረ። ቆዳ ከሆነ የጠጣውን ቅባት ይተፋል፤ እኔም እሄዳለሁ። ሁለተኛዋን ጠብታ ክንድ ማሳረፊያው ላይ ጣልኩ። እንደ ዶቃ ተንከባልላ ወለል ላይ ወደቀች። ደገምኩ፤ ያው ነው። ሶፋውን ገልብጬ ከስር የተመታውን ስቴፕል ነቀልኩ። የመቀመጫው ውስጠኛ ገጽ እውነተኛ ቆዳ እንደሚሆነው ቃጫማ ነው። የክንዱና የመደገፊያው ግን የተሸመነ ነጭ ጨርቅ። ሠሪው፣ ሰው ለሚቀመጥበት ላም፣ እጅና ራሱን ለሚያሳርፍበት ፕላስቲክ ሰጥቷል።

መቀመጫውን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ነክሬ በጨመቅኩት ጨርቅ ጠራረግኩት፤ ኡንጋ ነሰነስኩበትና አሳደርኩት። ዱቄቱ ቅቤውን ጠጥቶ አደረ፤ በብሩሽ ሳራግፈው እጅ አይዝም ነበር። ክንዱንና መደገፊያውን ግን ባጥባቸውም ሲደርቁ እንደገና ሙጫ ሆኑ። ያ ቆሻሻ አይደለም፤ የእኛ ቅቤ፣ የእንግዶች የጸጉር ቅባትና ሙቀቱ ፕላስቲኩን ራሱን እያሟሙት ነው። የሚበሰብስ ነገር ታጥቦ አይጠራም።

ለወንድሜ ነገርኩት። «መቀመጫው ቆዳ ነው፣ ድኗል። ሌላው ፕላስቲክ ነው፤ አይድንም።»

«እንግዲያው አንቺም አትሄጂም።»

ይናደዳል ብዬ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁት ግን እፎይታ ነው። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

ኩሽና ገብቼ ማንኪያ አመጣሁ፤ ከፋርማሲ ስፒሪት ገዛሁ። ክንዱን በስፒሪት እያራስኩ መፋቅ ጀመርኩ። ሽፋኑ እንደ ገንፎ ቅርፊት እየተጠቀለለ ተነሳ፣ ጥፍሬ ስር ገባ፣ አንገቴ ላይ ተለጠፈ። እንግዶች በአጠገቤ ሲያልፉ «አይዞሽ» ይሉኛል። አይዞሽ ማለት ቀላል ነው! ክንዱንና መደገፊያውን እስከ ጨርቁ ድረስ ላጥኳቸው፣ አጠብኳቸው፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኳቸው።

እሑድ ኦቦ ዲዳ መጡ። ፍቅፋቂውን ከጣልኩበት ባልዲ አንዱን አንስተው አሸተቱና ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ይሄ ላም ሆኖ አያውቅም» አሉ።

ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ተደገፉ፣ ክንዳቸውን ዘረጉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ።

«ለቀቀኝ!»

እጄን ወደ ወንድሜ ዘረጋሁ። «ኪፓንዴዬን።»

ኃይለማርያም የተላጠውን ነጭ ክንድ በጣቱ ነካ። «ይሄ ተገፈፈ እንጂ ዳነ ይባላል? በዚህ እንግዳ ልቀበል? ልብስ ይሰፋለት። እሱን ስትጨርሺ እናያለን።»

«ኃይሌ፣ አንተ ያልከው መያዙን ያቁም ነው» አሉ ኦቦ ዲዳ።

ወንድሜ አተኩሮ አያቸው። ኦቦ ዲዳ ዱላቸውን አነሱ፣ ጫፉን መረመሩ። «የእህትና የወንድም ነገር ነው፤ እኔ ምን አገባኝ» ብለው ወደ በሩ ፈቀቅ አሉ። ምስክሬ ይኸው ነበር።

«አልሰፋም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አልሰፋም። ልብሱን ስሰፋ መጋረጃው አልሄደም ትላለህ። መጋረጃውን ስቀይር ወለሉ አረጀ ትላለህ።»

«እንግዲያው ያለ ኪፓንዴ የት እንደምትደርሺ አያለሁ።»

«ፖሊስ ጣቢያ እደርሳለሁ። በእግር ነው፣ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ጠፋብኝ አልልም፤ ማን እንደወሰደው፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ እናገራለሁ።»

«ወንድምሽን? በሰው አገር ፖሊስ?»

«አዎ፣ ጋሼ። አንተን።»

ሳቀ። እንደምደፍር አላመነም፤ እውነት ለመናገር እኔም ገና አላመንኩም ነበር። ጫማዬን አጠለቅኩና ወጣሁ። ዋናው መንገድ ላይ የቦዳ ሞተር ነጂዎች ጠሩኝ፤ እጄን አወዛውዤ ቀጠልኩ። የሆቴሉን አጥር ጥግ ሳላልፍ ከኋላዬ፣ በመቀበያው ክፍት መስኮት፣ ቁልፍ ሲንኳኳ፣ ቀጥሎ መሳቢያው ሲሳብ ሰማሁ።

«ሰሎሜ! ቆይ! አንቺ ልጅ!»

አልቆምኩም። ይዞት ይከተለኝ።